«ዛፍ ላይ ቀረ»

ሥራሽ ምንድን ነው ስባል አሳጥሬ መመለስ አልችልም። «ውሃ ሥር የቀሩ የድሮ ቦታዎችን በድምፅ እየፈለግሁ ሥዕላቸውን አነሣለሁ» ስል፣ ሰው አንድ ጊዜ ፊቴን ያይና «ባሕር በሌለበት አገር?» ይለኛል። አሶሳ የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ባዩሽ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ለመዳን «እሷ እንኳ የግድቡ ሰው ናት» ብለው ለጎረቤት አስረድተው ጨርሰዋል።

ባሕር የለንም፤ ሐይቅ ግን አለን። ግድቡ ውሃ መያዝ ሲጀምር፣ በጉባ በኩል ሰው ለቅቆት የወጣ መንደር፣ የቀብር ቦታ፣ የድሮ የወንዝ መሻገሪያ፣ ጫካውም እንደቆመ፣ ሁሉም ቀስ እያለ ከውሃ በታች ሆነ። የእኛ ቡድን እነዚያን ቦታዎች ፈልጎ በካርታ ላይ ያስቀምጣል። መሣሪያችን ሶናር ይባላል። ከጀልባው ኋላ በኬብል የምንጎትተው ሞላላ ብረት ነው፤ ቅርጹን አይተን «ዓሣው» እንለዋለን። ዓሣው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ድምፅ ይልካል። ድምፁ የሐይቁን ወለል መትቶ ሲመለስ ላፕቶፑ ላይ ቡናማ ሥዕል ይሆናል። ጠጣር ነገር ደምቆ ይታያል፤ ከጀርባው ድምፅ ያልደረሰበት ቦታ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። የሙያው ሰው ከነገሩ ይልቅ ጥላውን ያነባል። ድንጋይ ግንድ መስሎ ሊያታልል ይችላል፤ ጥላው ግን ቁመቱን አይደብቅም።

እዚህ ሥራ ላይ የደረስኩት ዘግይቼ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ወደ መተከል የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው። እኔ አንደኛ ክፍል የገባሁት እኩዮቼ ስምንተኛን ሊፈተኑ ሲሰናዱ ነበር። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ እያለ ከሕፃናት ጋር ፊደል ቆጠርኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ከፊደል ጋር አይቀልድም፤ ስስት ይይዘዋል። ሰው የተሳሳተ ቃል ሲናገር ጆሮዬን እንደ ጠጠር ይቆረቁረኛል፤ ዝምተኛ ነኝ ግን ለእርማት አፍ አላጣም።

አጠገቤ የምትቀመጠው አስያ የምትባል የጉሙዝ ልጅ ነበረች። እሷም እንደኔ ዘግይታ የገባች ነች። አንድ ቀን ትምህርት መሃል ብድግ ብላ «መምህር፣ እናቴ መጣ» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አማርኛን በሁለተኛነት የሚናገሩት ብዙዎቹ ጎረቤቶቻችን ለወንድም ለሴትም አንዱን ግሥ ነበር የሚጠቀሙት። መምህሩ «መጣች በይ» አሉና እስኪቃና ድረስ አስቁመው አስደጋገሟት። ይህችን ትንሽ ነገር ያዙልኝ።

አሁን ወደ ሐይቁ ልውሰዳችሁ።

የቡድናችን መሪ ዶክተር ይልማ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ረጋ ያሉ፣ መሣሪያውን ለማግኘት ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። እኔን «ወይዘሮ እርማት» ይሉኛል። ጀልባውን የሚነዳው ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ሰው፣ የሆሞሻ ልጅ ነው፤ ውሃን እንደ መንገድ ያውቃል። እሱ ደግሞ «ኡስታዛ» ነው የሚለኝ፤ አስተማሪ ማለቱ ነው። ሐሚድ ሴትና ወንድ የሚለይ ግሥ ላይ ጊዜ አያጠፋም። የዚያን ዕለት ጧትም ዳቦ ቆርሶ እየዘረጋልኝ፣ «ኡስታዛ፣ አንተ ምንም አልበላህም» አለኝ።

«አልበላሽም በል።»

«እሺ፣ አልበላሽም። ብላ።»

ዶክተር ይልማ ሳቃቸውን ሊውጡ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። «ተዪው እታፈራሁ፤ ዳቦውን እንኳ አላሳሳተውም።»

ቀኑ እንዲህ ቀልሎ ነበር የጀመረው። ረፋዱ ላይ ነፋስ ተነሣ። ዓሣችንን ስበን አወጣንና ዓሣ አስጋሪዎች ወደሚወጡበት ዳርቻ ተጠጋን። ሐሚድ ነዳጅ ሊሞላ ጀሪካኑን ይዞ ወደ ላይ፣ ወደ ሱቆቹ ወጣ። እኔና ዶክተር ባትሪ እየቀየርን ነው። ሰይድ የሚባል አስጋሪ እዚያው መረብ እየጠገነ ይንጎራጎራል። የወሎ ሰፋሪ ልጅ ስለሆነ ከኔ ጋር ስለ አገር እናወጋለን፤ ወንድሙ ከድር ከማዶ ዳር ዓሣ ጭኖ እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር።

ከድር አልመጣም። የመጣው ሌላ ሰው ነው። ባዶ ጀሪካን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ ግማሹን በመዋኘት ግማሹን በማዕበል ተገፍቶ፣ ጭቃው ላይ ወድቆ አየነው። ሰይድ መረቡን ጥሎ ሮጠ። ሰውየው ማዶ ካለው የጉሙዝ መንደር ነው፤ ኢሳ ይባላል። ዳርቻው ላይ ያሉት ሁሉ ያውቁታል። ከንፈሩ ነጥቷል። ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ጀልባ ግንድ መታ። ተገለበጠ» አለ።

«ከድርስ?» አለ ሰይድ። «ወንድሜስ የት አለ?»

«ከድር ሞተ። ውሃ ወሰደ።» ኢሳ ትንፋሹን ሰበሰበ። በጣቱ ወደ ሐይቁ አመለከተ። «ዛፍ ላይ ቀረ። ዛፍ ላይ ቀረ። ቶሎ ሂዱ።»

የቀበሌው ሚሊሻ ከጎኑ ተንበርክኮ ሊጠይቀው ሲል ዓይኑ ተገለበጠ። ራሱን ስቷል። ተሸክመው መኪናችን ላይ ጫኑትና ሾፌራችን ወደ ጤና ጣቢያ ይዞት ከነፈ። ስልክ በዚያ ዳርቻ አይሠራም። ከኢሳ አፍ የያዝነው ያው ነው፤ ከድር ሞቷል፣ ሬሳው ውሃ ሥር የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞታል። ሁላችንም እንደዚያ ሰማን። እኔም እንደዚያ ሰማሁ።

ሰይድ አላለቀሰም። ወደ ጀልባችን መጥቶ ዶክተር ይልማ ፊት ቆመ። ያ መሣሪያችሁ ከውሃ በታች ያለውን ያሳያል ይባላል፣ እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። እውነት ነው አሉት። «እንግዲያ ወንድሜን ፈልጉልኝ» አለ። «ሳይመሽ ላፈር ላብቃው።»

ዶክተር ነፋሱን አዩ፣ እኔን አዩ። በሥራችን አንድ የማንጥሰው ደንብ አለ፤ ነፋስ ባለበት ሰዓት ወደሰመጠው ጫካ አይገባም። ዛፎቹ እንደቆሙ ነው የሞቱት። ግማሾቹ ጫፋቸው ከውሃ በላይ ይታያል፤ አደገኞቹ ግን ከውሃው ወለል ትንሽ ዝቅ ብለው የሚጠብቁት ናቸው። የከድርን ጀልባ የገለበጠው እንዲህ ያለው ግንድ መሆኑ ነው። ዶክተር ከጫካው ጠርዝ እንደማናልፍ ለሰይድ ነግረውት ተስማማ። ሐሚድ ነዳጁን ይዞ ሲመለስ የሆነውን በአጭሩ ነገርነው፤ «ላ ሐውላ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ።

ሰይድ የወንድሙን መንገድ ያውቃል። ከድር ሁልጊዜ ከማዶ ተነሥቶ በሁለቱ ኮረብቶች መሃል አድርጎ ነበር የሚሻገረው። መጀመሪያ የፈለግነው ግን እዚያ መንገድ ላይ አይደለም። ዛፍ ላይ ተብሏልና የጫካውን ጠርዝ ይዘን፣ ዓሣውን እየጎተትን፣ እንደሚያርስ ሰው ወዲያና ወዲህ ተመላለስን። እኔ ላፕቶፑ ላይ ጨርቅ ተከናንቤ ሥዕሉን አነባለሁ። ሰይድ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ያያል። ጥቁር ነገር ባለፈ ቁጥር ጣቱን ይሰነዝራል።

«እሱ ነው?»

«ግንድ ነው።»

«ይሄስ?»

«ጉቶ ነው ሰይድ። ጥላውን እየው፤ አጭር ነው።»

እንዲህ እያልን ቆየን። ዛፍ፣ ዛፍ፣ አሁንም ዛፍ። ግንዱ ደምቆ፣ ቅርንጫፉ እንደ ጣት ተዘርግቶ፣ ጥላው ረዝሞ። በየአንዳንዱ ቅርንጫፍ መሃል የሰው ቅርጽ መፈለግ ምን እንደሚመስል አልነግራችሁም። ጥላው ከሥዕሉ ጠርዝ የሚያልፈውን፣ ማለትም ጫፉ ውሃውን በስቶ የሚወጣውን ዛፍ፣ ዓሣችን እንዳይያዝበት በቀይ አመለክታለሁ። ይህ ልማዴ ነው። ያን ዕለት እጄ የሠራው እኔ ሳላስበው ነበር።

መሃል ላይ ዶክተር ይልማ ጎንበስ አሉና ውሃው ላይ የሚንሳፈፍ ረጅም እንጨት አነሡ። የከድር ጀልባ መግፊያ ሳይሆን አይቀርም ብለው ወለሉ ላይ፣ እግሬ ሥር አጋደሙት። ሐሚድ ከኋላ ሞተሩ ላይ ነበር፤ አላየውም። ሰይድ አንድ ጊዜ ዳሰሰውና እጁን ሰበሰበ።

ፀሐይ ወደ ሱዳን በኩል ማዘንበል ስትጀምር፣ ጫካውን ትተን በከድር መንገድ ላይ አንድ መስመር እንሂድ አልኩ። ዶክተር እዚያ ዛፍ እንደሌለ አስታወሱኝ። ልክ ናቸው፤ ያ ቦታ ድሮ ማሽላ የሚዘራበት ገላጣ ማሳ ነው፤ ቀደም ብለን ካርታውን ሠርተናል። ግን ዛሬ ያላየነው እሱ ብቻ ነበርና ሄድን።

ጀልባዋን አገኘናት። ከማሳው ዳር፣ ካንድ ብቸኛ ጉቶ ትንሽ ራቅ ብላ፣ ተደፍታ። ሥዕሉ ላይ የባቄላ ፍሬ መስላ ታበራለች። ከጎኗ፣ ለስላሳው ወለል ላይ፣ አንድ ቀጭን ነገር ተጋድሟል። ጥላውን አየሁት። ራስ አለው። ትከሻ አለው። አንዱ ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቷል።

ሰይድ አንገቴ ሲደርቅ ከኋላ አየ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለና ተቀመጠ።

ባዶ ጀሪካን በገመድና በድንጋይ አስረን ቦታው ላይ ጣልን፤ ምልክት እንዲሆን። ዶክተር መንጠቆውን ከሳጥን አውጥተው ለሰይድ ሰጡት። ነፋሱ እየበረታ ነው፣ ብርሃኑም እየሄደ ነው፤ ቢሆን ቢሆን ሁለት ሦስት ጊዜ መሞከር ይቻል ይሆናል። ሰይድ መንጠቆውን ጨብጦ ውሃውን ያያል። ሁሉም ነገር መልክ ይዞ ነበር። እኔን ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ።

«ዶክተር፣ እዚህ ዛፍ የለም።»

«የለም። እኔም ብዬሽ ነበር።»

«ኢሳ ዛፍ ላይ ቀረ ነው ያለው። ሁለት ጊዜ ነው ያለው።»

ዶክተር ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ሰይድ እንዳይሰማ፣ የደነገጠ ሰው ቃል እንዲህ እየተመነዘረ እንደማይወሰድ ነገሩኝ። እኔም በሆዴ የደነገጠ ሰው ይረሳል እንጂ ዛፍ ከየት ያመጣል አልኩ። ደግሞ «ቶሎ ሂዱ» ብሎ ነበር። ሞቶ ውሃ ለወሰደው ሰው፣ ራሱን ሊስት የደረሰ ሰው የመጨረሻ ትንፋሹን «ቶሎ» በማለት ይጨርሳል?

ከላፕቶፑ ተነሥቼ ቆሜ ቀርቼ ኖሯል። ሐሚድ ከኋላ ተጣራ።

«ኡስታዛ፣ አንተ ደክሞሃል። ተቀመጥ፣ ትወድቃለህ።»

ልማዴ ነውና «ደክሞሻል» ልለው አፌን ከፈትኩ። ሌላ ቃል ቀደመኝ።

እናቴ መጣ።

ክፍላችን ታየኝ። ልጆቹ ይስቃሉ፤ አስያ «መጣች፣ መጣች» እያለች ትደግማለች። በሩ ላይ ደግሞ እናትየዋ ቆመዋል። በእውነት መጥተው ነበር። ትከሻቸው ላይ የሸክም እንጨት አጋድመው፣ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥለው፣ ልጃቸው ግሡን አቃንታ እስክትጨርስ ይጠብቃሉ።

ዓይኔ ወደ እግሬ ወረደ። እንጨቱ። ጎንበስ ብዬ ጫፉን ዳሰስኩት። ገመድ የበላው ቅርድ አለው። ሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ። መሃሉ ትከሻ ላይ ኖሮ የለሰለሰ ነው።

«ሐሚድ፣ ይህን እንጨት እየው። ምንድን ነው?»

አንገቱን አስግጎ አየ። «የሸክም ነው። በዚህ ዕቃ ይንጠለጠላል፣ በዚህ ዕቃ ይንጠለጠላል።»

«ማን ነው የሚሸከምበት?»

«ሴት ነዋ» አለ ሐሚድ። «ወንድ አይሸከምም።»

እኔ ብዙ ጊዜ ቃሌን በልቤ ጽፌ፣ አርሜ ነው የምናገረው። ያን ጊዜ ግን እንዳመጣልኝ ተናገርኩ። ኢሳ የነገረን ስለ አንድ ሰው እንዳልሆነ፣ ስለ ሁለት ሰው እንደሆነ። ከድር ሞተ ያለው ከድርን ነው፤ ከድር ይኸው። ዛፍ ላይ ቀረ ያለው ሌላ ሰው ነው። ሴት ናት። ውሃ ሥር አይደለችም፤ ዛፍ ላይ ናት። «በሕይወት ትታ ነው...» አልኩና ግሡ ተሳሳተብኝ፤ «በሕይወት ትቷት ነው የመጣው» ብዬ ጨረስኩ።

«ቀረ እኮ ነው ያለው» አሉ ዶክተር። «ቀረች አላለም።»

«ሐሚድ አሁን እኔን ምን አለኝ?»

ዶክተር ወደ ሐሚድ ዞሩ። ሐሚድ ግራ ገብቶት አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን ያያል።

ከዚያ ዶክተር ማለት ያለባቸውን ሁሉ አሉ፤ አልፈርድባቸውም። ነፋሱ አለ። ጫካው አለ። አራት ነፍስ ጀልባው ላይ አለ። ሊመሽ ነው። ቢሆንስ? ባትኖርስ? ባንድ እንጨትና ባንዲት ፊደል ተነሥተን የሰው ወንድም እዚህ ጥለን እንሄዳለን? ይህን ሲሉ ሁላችንም ሳናስበው ወደ ሰይድ ዞርን። መንጠቆው እጁ ላይ ነው። ሰይድ ከሥራችን ያለውን ውሃ ብዙ አየው።

ከዚያ መንጠቆውን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጎ አኖረው።

«እሱ ይቆያል» አለ። «ከእንግዲህ ማን ይወስደዋል?» ወደኔ ዞረ፤ ዓይኑ ደርቋል። «አንች፣ የቱ ዛፍ ነው? እሱን ንገሪን።»

የቱ ዛፍ ነው። ጥያቄው ያ ነበር፤ ዳርቻ እስከ ዳርቻ የሞተ ዛፍ ነው። ካርታውን ከፈትኩ። ነፋሱ ከዚህ ማሳ ወደ አስጋሪዎቹ ዳርቻ ይነፍሳል፤ ኢሳን ገፍቶ ያወጣውም እሱ ነው። እንግዲያ ከድር ሲሰምጥ ኢሳና ሚስቱ፣ ሚስቱ ከሆነች፣ በዚያው አቅጣጫ ነው የተንሳፈፉት። በዚያ መስመር ላይ ውሃ ሥር የቀረ ዛፍ አያድናቸውም። ሰው ሊይዘው የሚችል፣ ጫፉ ከውሃ የወጣ መሆን አለበት። ለዓሣው ደኅንነት ብዬ በቀይ ያመለከትኳቸው እነዚያ ናቸው። ካንድ የድሮ ጅረት ዳር ተሰብስበው የቆሙ ባምባዎች ናቸው፤ ከጫካው ውስጥ፣ ከጠርዙ ገባ ብሎ።

ጣቴን አስቀመጥኩ። ሐሚድ አየና መሪውን አዞረ።

ስንዞር ኬብሉ ተወጠረ። ዓሣችን በዚያ ብቸኛ ጉቶ ተያዘ። ሐሚድ ሞተሩን አቀዘቀዘ። ዶክተር ይልማ ኬብሉን ይዘው አንዴ ሳቡ፣ ሁለቴ ሳቡ። ያን መሣሪያ ስንት ቢሮ ደጅ ጠንተው እንዳመጡት አውቃለሁ። ኬብሉን ከጀልባው ፈቱት፤ ጫፉን ባዶ ጀሪካን ላይ አሰሩና ወደ ውሃው ወረወሩት። «ሂድ» አሉ ለሐሚድ። ከዚያ ወዲያ ወደ ኋላ ዞረው አላዩም።

ጫካው ውስጥ ሲገባ ነፋሱ እንደ ማፏጨት ይላል። ሐሚድ ጀልባዋን እንደ በቅሎ እያባበለ፣ ባንዱ እጁ መሪ በሌላው ጋዝ ይዞ በግንዶቹ መሃል አሳለፈን። ሰይድ ፊት ላይ ተንበርክኮ በዚያ የሸክም እንጨት ውሃውን ይፈትሻል፤ «ግራ... አለ፣ አለ፣ ቀኝ ያዝ» ይላል። አንድ ጊዜ ከሥራችን የሆነ ነገር ፋቀንና ጀልባዋ ተንጋደደች። ሁላችንም የያዝነውን ጨበጥን። አለፈ። ዶክተር ከጎኔ «እመቤቴ» ሲሉ ሰማኋቸው።

የመጀመሪያው ባምባ ላይ ጥቁር ነገር ከቅርንጫፉ ተጣብቆ አየን። ሰይድ ጮኸ። ጥቁሩ ነገር ክንፉን ዘረጋና በረረ፤ አሞራ ነው። ሁለተኛው ዛፍ ባዶ። ሦስተኛው ባዶ። ዶክተር ሰዓታቸውን አዩና ደበቁት። ቃል ሳጠራ ኖሬ ዛሬ በቃል ልሳሳት፣ አራት ሰው ላስጨርስ፣ የሰይድንም ወንድም ከእጁ ላስጥል ነው ብዬ አሰብኩ።

«ሞተሩን አጥፋው» አልኩት ሐሚድን።

«ነፋስ ይወስደናል፣ ኡስታዛ።»

«ጥቂት ብቻ።»

አጠፋው። ስሟን አናውቅም። ሰይድ እጁን አፉ ላይ አድርጎ በረጅሙ «ሰው ሆይ!» ብሎ ተጣራ። ድምፁ በግንዶቹ መሃል ሄደ። እኛ ጠበቅን። ድምፅ ልኮ መልሱን መጠበቅ የኔ እንጀራ ነው፤ ነገር ግን እንዲያ ያለ ጥበቃ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልጠበቅሁም። ውሃው ጀልባዋን ይመታል። ነፋሱ ያፏጫል። ሌላ ምንም የለም።

ሐሚድ ጣቱን አነሣ።

ኳ። ኳ። ደረቅ እንጨት ላይ ብረት ሲመታ። ዝም አለ። ደግሞ ኳ።

ሰይድ እንጨቱን ወደዚያ ጠቆመ። ሐሚድ ሞተሩን አስነሣ። ሁለት ግንድ አለፍን። ከትልቁ ባምባ ማዶ፣ ከዳርቻውም ከጫካው ጠርዝም በማይታይበት በኩል፣ ሴትዮዋን አየናት። ቅርንጫፍ በተከፈለበት ላይ ቆማለች፤ ውሃው ወገቧ ላይ ነው። በነጠላዋ ራሷን ከግንዱ ጋር አስራለች። ድምፅ አልቆባት በናስ አምባሯ ግንዱን ትመታለች። እኛን እያየችን እንኳ ክንዷ መምታቱን አላቆመም።

ስንጠጋ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ኢሳ?» አለች።

«ኢሳ አለ» አልኳት። «ደረሰ። እሱ ነው የላከን።»

ያን ጊዜ ክንዷ ቆመ። ነጠላውን የፈታው ሰይድ ነው። አንሥቶ ጀልባው ላይ ሲያስቀምጣት ከሁላችን በፊት ያለቀሰው እሱ ሆነ፤ ጃኬቱን አውልቆ እያለበሳት «አብሽሪ እታለም፣ አብሽሪ» ይላል፣ እንባው ጃኬቱ ላይ ይወርዳል። ዘይነብ ትባላለች። የወለደች ልጃቸውን ሊጠይቁ ከባሏ ጋር በከድር ጀልባ ተሳፍረው ነበር፤ ከኢሳ በቀር በእኛ በኩል ያለ ሰው መሳፈሯን አያውቅም። ዳርቻው ላይ ስንደርስ የሰው ፊት ለመለየት የሚበቃ ብርሃን ብቻ ቀርቶ ነበር።

በማግሥቱ ከድርን ለምልክት ከጣልነው ጀሪካን ሥር አገኘነው። ሰይድ እንዳለው ቆይቶታል። ዓሣችንንም ኬብሉን ይዘን ስበን አወጣነው፤ ጎኑ ተፍቆ፣ ግን ይሠራል። ቀብሩ ላይ ዘይነብ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ አለቀሰች።

ከቀብር መልስ ጤና ጣቢያ ሄጄ ኢሳን አየሁት። ግሉኮስ ተሰክቶለት ተጋድሟል። ሚስቱ መትረፏን ሰምቷል። አጠገቡ ተቀምጬ ምን እንደምለው ሳስብ ቀድሞኝ ተናገረ። ወቀሳ የለበትም፤ ግራ የገባው ሰው አነጋገር ነበር።

«እኔ ነገርኩ እኮ» አለኝ። «ዛፍ ላይ ቀረ አልኩ።»

«አዎ» አልኩት። «ነግረኸናል።»

ይህን ያነበባችሁ ወገኖቼ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ የሠራሁት ሥራ ካርታው ላይ አይታይም። የሰመጠ መንደር ከመፈለጋችን በፊት የቦታውን ሽማግሌዎች እናነጋግራለን፤ የት ምን እንደነበረ የሚያውቁት እነሱ ናቸውና። አሁን ቃላቸውን ስጽፍ እንዳወጡት እጽፋለሁ፤ አላቃናም። «እሱ እዚያ ተቀበረ» ሲሉኝ «ማን?» እላለሁ። ባንድ የቀብር ቦታ «እሱ» ሲባሉ የኖሩት አንዲት አዋላጅ እናት ሆነው ተገኝተዋል፤ አለመጠየቅ ቀላል ነበር። ለልምምድ ወደኛ ለሚመጡ ተማሪዎች ጥላ አንብቡ እያልኩ አስተምራለሁ፤ ቃልም ጥላ እንዳለው፣ ከሚሰማው ጀርባ የቆመ ሰው እንዳለ፣ በዚያው ሰዓት ጨምሬ እነግራቸዋለሁ። እናንተም በየቢሮው፣ በየሐኪም ቤቱ፣ በየችሎቱ አማርኛው እየተሰበረበት የሚለምናችሁ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ግሡን ከማቃናታችሁ በፊት በሩን እዩ። ምናልባት እናትየዋ ቆመው ይሆናል።

ሐሚድ ዛሬም አልተለወጠም። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦውን ቆርሶ ከጀልባው ጫፍ ተጣራ፤ «ኡስታዛ፣ ና፣ ብላ!»

ሄጄ በላሁ።